የሰጠሽኝን ሲንቄ ከልብስ ገመዱ ስር አወጣሁት

እማዬ፣ ካለሽበት ይድረስሽ።

«ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ነው። ግን አንቺን ዋሽቼ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ደህና አይደለሁም። ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደዚህ ሳምንት ፈርቼ አላውቅም። እኔ ስፈራ የት እንደምደበቅ ታውቂያለሽ፣ ከአንቺ ቀሚስ ኋላ ነው። አሁን ቀሚስሽ የለም። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ።

ፊደል አልቆጠርሽም፤ አማርኛሽም ከገበያ አማርኛ አያልፍም ነበር። እኔ ደግሞ መጻፍ የተማርኩት በአማርኛ ነው፤ ምን ላድርግ። እዚያ አንብቦ በኦሮምኛ የሚነግርሽ አንድ ደግ ሰው አይጠፋም። ብቻ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፤ መሃል ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ለቡ ያለው ማሳሽ ከጎረቤቶቹ ማሳ ጋር ተቀላቅሎ የማኅበር ሆኗል፤ ወንድሜ በገዛ አባቱ መሬት ላይ ተራ ገብቶ ያርሳል። የመካኒሳው ቤታችን ጣሪያ ባለፈው ክረምት አፍስሶ አማችሽ ወልዴ በአሮጌ ቆርቆሮ ደፍኖት ነበር፤ አሁን ሌላ ቦታ ያፈሳል። ወልዴ ደህና ነው። «ይሄ የጉራጌ ልጅ ዝም ሲል ያስፈራል» ትዪው የነበረው ዝምታ ግን ብሶበታል። እኔም እዚያው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነኝ። የወታደር ሸሚዝ ኪስ ነው የምሰፋው፣ የግራውን ብቻ። የቀኙን ሌላ ሴት ትሰፋለች።

ዋናው ወሬ ግን ይሄ አይደለም። ያዘገየሁት ፈርቼ ነው።

ልጄን ግርማን ወሰዱት፣ እማዬ። አንቺ ባረፍሽ በአምስተኛው ወር፣ ከኳስ ሜዳ ሲመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከነላቡ ከነቁምጣው። ለውትድርና ልጆች እየታፈሱ እንደሆነ ሰምቼ «አትውጣ» ብዬው ነበር። «ሜዳው እኮ እዚህ ነው» ብሎ ወጣ። እውነቱን ነው፤ ሜዳው ከቤታችን ይታያል። ሸሚዙን ከሜዳው ዳር አውልቆ ጥሎት ነበር፤ ያንን ሰማያዊና ነጭ ሸሚዝ፣ አንቺ «ጠረጴዛ ልብስ» እያልሽ የምትስቂበትን። ጓደኛው አመጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አጥበዋለሁ። ማንም አልለበሰውም፤ አልቆሸሸም። ግን አጥበዋለሁ፤ አሰጣዋለሁ፤ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ይጽፍልን ነበር። ከሰሜን ግንባር፣ አጭር አጭር ደብዳቤ። ካልሲ እንዳንልክ፣ ኳስ ተጫዋች የሆነ አንድ ጓደኛ እንዳገኘ፣ ምግቡ ደህና እንደሆነ። ምግቡ ደህና እንዳልሆነ ከጽሑፉ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ውሸት ያስተማርኩት። ከመስቀል ወዲህ ግን ደብዳቤ የለም። አምስት ወር አለፈው።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ስሚኝ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የቆርቆሮ በራችን ተንኳኳ። የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሙሉነሽ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም። የራሽን ስኳር በምናወጣበት ቀን አሮጊቶቹን ከሰልፍ እያወጣች የምታስቀድም ናት። በእጇ የጥሪ ወረቀት ይዛለች። ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ የሴቶች ቀን ይከበራል፤ እናቶች ይሸለማሉ አለችኝ። ወረቀቱ ላይ በጽሕፈት መኪና የተጻፈው «ለጀግና እናት ለወይዘሮ ጫልቱ» ይላል። ወረቀቱን መልሼ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። «ክብር ነው እኮ፣ ምን ያስፈራል?» አለችኝ፤ ስትለኝ ግን የምታየው ጫማዬን ነበር።

ለምን እንደፈራሁ እንዲገባሽ የአምናውን ልንገርሽ። እትዬ ወርቄን ታስታውሻታለሽ፤ ከእኛ በታች ያለችው፣ የመንዟ፣ ቡናሽ ቀጠነ እያለች የምትነዘንዝሽ። አምና በዚሁ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት መጣላት። ልጇ አስራት ግንባር ነበርና ልጄ ጀግና ተባለ ብላ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ለብሳ ሄደች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስሟ ሲጠራ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቱም ሁሉ ተቀበላት፤ እኔም ተቀብያት ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፤ ከዚያ የምስክር ወረቀቷን ድምፅ ከፍ አድርገው አነበቡት። «ለእናት አገሩ የተሰዋው» የሚለው ጋ ሲደርሱ እልልታዋ ገና ከአፏ አላለቀም ነበር። የልጇን መርዶ በእልልታ ተቀበለች፣ እማዬ። እሪ ልትል ስትል ደግሞ የጀግና እናት አታለቅስም ብለው ደግፈው አስቀመጧት። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቤት እንኳ ስትሄድ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

አሁን ያው ወረቀት እኔ ቤት መጣ።

ወልዴ ሐሙስ ቀበሌ ሄዶ ጠየቀ። ስሙ ከበላይ አካል በመጣ ዝርዝር ነው የገባው፤ ሌላ አናውቅም አሉት። ግንባር ላሉትም ለተሰዉትም ነው ወይስ ለተሰዉት ብቻ ቢላቸው፣ «ቅዳሜ ትሰማላችሁ» አሉት። እሱም ይህንኑ መጥቶ ነገረኝ። ዓርብ ሥራ ላይ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። አንድ ኪስ ደግሞ ገልብጬ ሰፋሁ፤ አፉ ወደ ታች ሆነ። አለቃዬ ተቆጣች። እኔ ግን የማስበው፣ ይህን ሸሚዝ የሚለብሰው ልጅ ደብዳቤ ቢያስገባበት ይወድቅበታል ብዬ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የግርማን ሸሚዝ ከገመድ ላወርድ ጓሮ ወጣሁ። ገመዱን የደገፍኩበትን እንጨት ያየሁት ያኔ ነው። ሁልጊዜ አየው ነበር፤ ያኔ ግን አየሁት።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፣ እማዬ። በሰርጌ ዋዜማ ሲንቄ ሰጥተሽኝ ነበር። ራስሽ ቆርጠሽ፣ ልጠሽ፣ አለስልሰሽ፣ ቅቤ አጠጥተሽ ያዘጋጀሽውን። እኔ ደግሞ የከተማ ሙሽራ ልሆን ነው፣ ከተማ ውስጥ ዱላ ይዤ ብታይ ይስቁብኛል ብዬ አፈርኩበት። አልወስድም አልኩሽ። አልተቆጣሽም። «እንግዲያው ከበሩ ኋላ ይቀመጥልሽ፤ ስትፈልጊው ትጠይቂኛለሽ» አልሽኝ። ሃያ ዓመት ከበርሽ ኋላ አስቀመጥሽው፤ እኔም አልጠየቅኩሽም። አንቺ ስታርፊ ወንድሜ አመጣልኝ። እኔ ምን አደረግኩት? ጫፉን በሲባጎ አስሬ የልብስ ገመድ ደገፍኩበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብ መታው፣ ፀሐይ መታው። ይቅር በዪኝ።

እዚያው ቆሜ የድሮው መጣብኝ። ስንት ዓመቴ ነበር፣ ሰባት? ስምንት? የጎረቤታችን የቶሎሳ አባት ከገዛ ወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልተው፣ ሁለቱም መጥረቢያ አንስተው ማሳው መሃል የተገናኙ ቀን። ሽማግሌዎቹ እንኳ ሊቀርቡ ፈርተው ከሩቅ ይጮሃሉ። አንቺ ሲንቄሽንና እርጥብ ሳር ይዘሽ ጮኸሽ ወጣሽ። ከየቤቱ ሴቶቹ ተከተሉሽ፤ ሊጥ በእጇ ያለች፣ ልጅ ያዘለች። እኔ ቀሚስሽን ይዤ እየተጎተትኩ ነው። በሁለቱ መሃል ገብተሽ ሲንቄውን አጋድመሽ ቆምሽ። አልመታሽም፤ አልሰደብሽም። የቶሎሳ አባት መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ እንደ ተቆጡት ልጅ ቁጭ አለ። ማታ «አልፈራሽም ወይ?» ብልሽ፣ ጉልበትሽ አሁንም እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ አስነካሽኝ። ሲንቄ ከያዘች እናት ፊት ወንድ ክንዱን አያነሳም፤ የጠየቀችውም ሳይመለስላት አይቀርም አልሽኝ። እንዲህ ነው የእኛ ሰው እናትን የሚያከብራት፤ ይሰማታል።

የወልዴ ሰዎች ደግሞ በቅቤ ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ አገሩ የወሰደኝን ጊዜ ነግሬሽ ነበር። አንትሮሽት የሚሉት የእናቶች በዓል አላቸው። ያን ቀን እናቱ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ዕድሜዋን ሙሉ ቆጮ ስትፍቅ የኖረች ሴት በዚያ ቀን እሳት እንኳ አልቆሰቆሰችም። ሴቶቹ ልጆቿ ቅቤና ጎመን ይዘው መጡ፤ ወንዶቹ በግ። ቅቤውን አናቷ ላይ እያኖሩ መረቋት፣ መረቀቻቸው። ከዚያ እኔን ጠራችኝና ከራሷ ላይ ቆንጥራ አናቴ ላይ አደረገችልኝ፤ ሆዴን እያሳየች «አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ነሽ» አለችኝ። ሆዴ ውስጥ ግርማ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ወልዴ በዓሉ በደረሰ ቁጥር፣ በችግራችን ዓመት እንኳ፣ በቅጠል ጥቂት ቅቤ ሳይዝልኝ ገብቶ አያውቅም።

በእትዬ ወርቄ አገር ልጅ ከመንገድ ሲመለስ የእናቱን ጉልበት ነው የሚስመው። አስራት ሲሄድም ስሟት ነበር። አሁን ሲበርዳት ጉልበቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ስለ ብርዱ ብቻ አይመስለኝም።

ቀበሌ ደግሞ ነጠላና ወረቀት ይሰጣል። ነጠላው መጥፎ አይደለም። ብቻ ሌሎቹ ሁሉ ለእናት ልጇን ይዘውላት ይመጣሉ፤ ይሄኛው ወስዶባት ነው የሚመጣው።

ዓርብ ማምሻውን ሲንቄውን ከገመዱ ፈታሁት። ወልዴ አየኝና ጨርቅ አምጥቶ ጠረገልኝ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ቶሎሳ፣ መጥረቢያውን ያስቀመጠው ሰው ልጅ። ጠመንጃ ይዟል። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው ሊለኝ አፉን ከፈተና የያዝኩትን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከበሩም ዞር አለልኝ።

ፍርሃቴን አልደብቅሽም። ሽንቴ መጣ። አጠገቤ እትዬ ወርቄ አፏን ሸፍና ተቀምጣለች፤ መምጣት አልነበረባትም፣ ለእኔ ብላ ነው የመጣችው። ብዙ ንግግር ተደረገ። ስለ እናት አገር ተወራ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመሩ። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

ተነሳሁ። እልል አላልኩም። ሴቶቹ ሊቀበሉኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዝም ስል ዝም አሉ። ወደ መድረኩ ሄድኩና ሲንቄውን በሁለት እጄ አጋድሜ ያዝኩት። የተዘጋጀሁበት አማርኛ ጠፋኝ። በኦሮምኛ ነው የወጣልኝ፤ «ልጄ አለ ወይስ የለም?» ደግሜ በአማርኛ ጠየቅኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ዛሬ የደስታ ቀን ነው እህቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ጀግንነት አይደለም፤ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ከኋላዬ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። እትዬ ወርቄ ተነስታለች። ከአፏ ላይ ነጠላውን አውርዳ «ንገሯት፤ እኔን ሳትነግሩኝ እልል አሰኝታችሁኛል» አለች።

ያኔ ከበሩ በኩል ቶሎሳ ተናገረ። «ጓድ፣ ሲንቄ ይዛለች። ይነገራት።» የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ መሬት ነው። ድምፁ አባቱን ይመስላል።

ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን አገላበጠ። አልቦታል፤ እሱም የሰው ልጅ ነው። ከዚያ ቀና ሳይል አነበበው። ከግርማ ስም ትይዩ ያለው «ያለበት ያልታወቀ» ይላል።

የተሰዋ አይልም፣ እማዬ። ያልታወቀ ነው የሚለው። የት እንዳለ ሳያውቁ የጀግና እናት ሊያደርጉኝ ነበር። ያንን ነጠላ ብለብሰው ልጄን እኔው ራሴ ከሞቱት ጋር የቆጠርኩት መሰለኝ። የዘረጉልኝን ነጠላ ተቀብዬ፣ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። «ሲታወቅ ጥሩኝ» አልኳቸው። ወጣሁ። ገብርኤል ደጅ መቃብርሽ ጋ ልመጣ ነበር፤ እግሬ ግን ቤት እንኳ በመከራ ነው ያደረሰኝ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ወረቀት መጣ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንድቀርብ፣ ለምጠየቅበት ጉዳይ። ማኅተም አለው። ዛሬ እሑድ ነው። ነገ ማለት ነው።

እንግዲህ የፈራሁት ይሄን ነው። ተጠርተው ሄደው የቀሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂ ነበር። እኔ ከቀረሁ ግርማ ሲመለስ በሩን ማን ይከፍትለታል? ሸሚዙስ ማን ጋ ነው? ፊደሉ ተበላሸብኝ፤ የሚያነብልሽ ሰው ይታገሰኝ። እዚህ ላይ ላቁም፤ ነገ ከመሄዴ በፊት እጨርሰዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ነው፣ እማዬ። ሁለት ሰዓት አልፏል።

ስነሳ ወልዴ አልነበረም። ፈርቶ ሸሸ ብዬ ተናደድኩበት፤ አፈርኩበትም። ከዚያ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። በዓሉ ገና ነው፤ ወሩም አይደለም። «የአንትሮሽት ቀኑ አልደረሰም እኮ» ብለው፣ «ለእኔ ደርሷል» አለኝ። አናቴ ላይ ቅቤውን አኖረልኝ። እናቱ እንዳደረገችው በቋንቋቸው መረቀኝ፤ ሁሉንም አልሰማሁትም፣ የልጃችንን ስም ግን ሰማሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ረጅም ተናግሮ አያውቅም።

ቀጥሎ በሩ ተንኳኳ። ሊወስዱኝ የመጡ መሰለኝ። እትዬ ወርቄ ናት። ዘነዘናዋን ተሸክማለች! ያንን በርበሬ የምትወቅጥበትን፣ ጫፉ የቀላውን። «በእኛ አገር ሲንቄ የሚባል ነገር አይሰጡንም፤ ቤቴ ውስጥ ያገኘሁት ይሄን ነው» አለችኝ። ብቻዬን እንደማልሄድ ነገረችኝና ቁጭ ብላ አስነጠሳት፤ በርበሬው ነው። ሳቅሁ። ፍርሃቴ ሳይለቀኝ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰዓቱን አየሁ።

አንቺን እንዴት እንደማስታውስሽ ቃል ልግባልሽና ልሂድ። ሙት ዓመትሽን አልረሳም፤ እሱ የታወቀ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሲንቄውን የልብስ ገመድ አልደግፍበትም። ከበሬ ኋላ ይቀመጣል፣ አንቺ ባስቀመጥሽው ዓይነት፤ በወር በወሩም ቅቤ አጠጣዋለሁ። ስፈራ ቀሚስሽን አልፈልግም፤ እሱን እይዛለሁ። አንቺም ጉልበትሽ እየተንቀጠቀጠ ነበር የቆምሽው፤ አስነክተሽኛል፤ አልረሳሁትም።

ገመዱ ያለ ድጋፍ ረግቧል። ዛሬ ጠዋት የግርማ ሸሚዝ እጅጌው መሬት ነክቶ አፈር ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ቆሽሿል። ስመለስ አጥበዋለሁ። ባልመለስ ለወልዴ ነግሬዋለሁ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። እትዬ ወርቄ ዘነዘናዋን አንስታለች። ስሜን ሲጠሩ አቤት እላለሁ፤ የሚጠይቁኝንም እመልሳለሁ። እልልታዬን ግን አያገኙትም፣ እማዬ። እሱን ያስቀመጥኩት የቆርቆሮ በራችንን ራሱ ከፍቶ ለሚገባው ነው።

ልጅሽ ጫልቱ